«የበለስ ዛፍ»ን መጠለያ ውስጥ ማየት

እናቴ ፊልም አትወድም። «የሰው ውሸት ለማየት ዓይኔን አላደክምም» ነው የምትለው። አብራኝ ቁጭ ብላ ያየችው ፊልም ቢኖር አንድ ብቻ ነው። እሱንም ያየነው ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ከሕንፃችን ማዶ ባለው የሕዝብ መጠለያ ውስጥ፣ ላፕቶፔን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን ነው። ጊዜው ሰኔ 2025 ነበር (ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚያው)። ቦታው ረሆቮት ከተማ፣ ቂርያት ሞሼ፤ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች በብዛት የምንኖርበት ሰፈር። ፊልሙ ደግሞ የዓለምወርቅ ዳቪድያን «የበለስ ዛፍ»።

ፊልሙ አዲስ አይደለም። የወጣው በ2018 ነው፤ በዚያው ዓመት ቶሮንቶ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ለሴት ዳይሬክተሮች የሚሰጠውን የኦዴንሺያ ሽልማት አግኝቷል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት እስራኤል በገባሁ ሰሞን፣ መርካዝ ክሊታ ውስጥ፣ ከኡልፓን የቤት ሥራ ስሸሽ ነው። ያኔ «ቆንጆ ነው፣ ግን ይንቀረፈፋል» ብዬ ዘጋሁት። አሁን ስለ እሱ የምጽፈው ያ ፍርዴ ስህተት ስለነበር ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። የሰው ኮድ ውስጥ ስህተት ሳገኝ አስተያየት ከመጻፍ ወደኋላ አልልም፣ የራሴንም ማረም አለብኝ።

መጀመሪያ ግን መጠለያው።

እስራኤል ውስጥ አዳዲስ ቤቶች «ማማድ» አላቸው፤ ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት፣ መስኮቱ ብረት የሆነ አንድ ክፍል ማለት ነው። ሕጉ የወጣው ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩ ቤቶች ውስጥ የለም። የእኛ ሕንፃ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ስለዚህ አዛካ (ሳይረኑን ሁላችንም በዕብራይስጡ ነው የምንጠራው) ሲጮህ ደረጃውን ወርደን፣ መንገዱን ተሻግረን ወደ «ሚክላት» እንሮጣለን። ለረሆቮት የተሰጠው ጊዜ 90 ሰከንድ ነው። የእናቴ ጉልበት ይህን ቁጥር አያውቀውም። ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ፤ እኔ ደግፌያት ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። በሥራ ቋንቋ ብንነጋገር፣ እናቴ ሁልጊዜ ታይምአውት ናት።

ጁን 13 ሊነጋጋ ሲል፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ አገሩ በሙሉ በአዛካ ነቃ። እስራኤል ኢራንን መምታት ጀምራ ነበር። ከዚያ እስከ ተኩስ አቁሙ እስከ ጁን 24 ድረስ ሥራ ከቤት፣ ትምህርት ዝግ፣ ሰማዩ ለአውሮፕላን ዝግ። ከኢራን የሚመጣው ሚሳኤል ሩቅ ስለሚነሳ ስልካችን ላይ ከሳይረኑ በፊት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ለእናቴ እፎይታ ሆነላት፤ ቀድመን እንወርዳለን። ግን ቀድሞ መውረድ ማለት ብዙ መቀመጥ ማለት ነው። ጁን 15 ሌሊት እዚያው እኛ ከተማ ውስጥ ቫይስማን ተቋም ሲመታ የመጠለያችን በር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ እናቴ ሌሊቱን በሙሉ እዚያው መሆን ፈለገች። ፍራሽ አወረድን። ጎረቤቶች ቴርሞስ አወረዱ። ሌላዋ ጎረቤት ጀበናዋን አመጣች፣ «እሳት ክልክል ነው» ተብላ ተመለሰች፣ ቡናዋን ላይ አፍልታ በቴርሞስ ይዛ መጣች።

በሦስተኛው ሌሊት ከስልክ ዜና ለማራቅ ስል ላፕቶፔን ከፈትኩ። መጠለያው ውስጥ ኔትወርክ አይይዝም፣ ዲስኬ ላይ የነበረው ፊልም ደግሞ «የበለስ ዛፍ» ብቻ ነው። እውነት ለመናገር ሌላ ቢኖር ኖሮ ሌላ እከፍት ነበር።

*

ታሪኩ እንዲህ ነው። 1989፣ አዲስ አበባ፣ የደርግ ማብቂያ። ሚና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ ቤተ እስራኤል ነው። እናቷ ቀድማ እስራኤል ገብታለች፤ ሚና ከአያቷ ጋር ሆና መሄጃዋን ትጠብቃለች። የምትወደው ልጅ ኤሊ ክርስቲያን ነው። ጦርነቱ ሰው ጨርሶ ወጣቶችን ከመንገድ ማፈስ ስለጀመረ ኤሊ እንዳይወሰድ ዛፎቹ መሃል ተደብቆ ይኖራል። መገናኛቸው አንድ ትልቅ የበለስ ዛፍ ነው። ቤተሰቡ የሚሄድበት ቀን ሲቃረብ ሚና ኤሊን ትታ ላለመሄድ የራሷን ዘዴ መሸረብ ትጀምራለች። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ለምን እንደማልነግራችሁ ኋላ ታያላችሁ።

የፊልሙ ትልቁ ብልሃት ጦር ሜዳ አለማሳየቱ ነው። ጦርነቱ ሰሜን ነው፣ ሩቅ ነው። ወደ ሰፈሩ የሚመጣው በመኪና ነው። ወታደር የጫነ መኪና ሲመጣ መንገዱ ላይ ያለው ሕይወት ባንዴ ይቀየራል፤ ልጅ ይሮጣል፣ እናት ትጮኻለች። መኪናው ይሄዳል፤ ከዚያ ሽንኩርት መከተፉ፣ ውኃ መቅዳቱ፣ መሳሳቁ ካቆመበት ይቀጥላል። መርካዝ ክሊታ እያለሁ «ይንቀረፈፋል» ያልኩት ይህንን ነበር። በመኪናና በመኪና መሃል ያለውን ኑሮ ባዶ ቦታ አድርጌ ነው ያየሁት። ከኦክቶበር 2023 በኋላ እዚህ አገር የኖረ ሰው ግን ያን ባዶ ቦታ ያውቀዋል። በሁለት አዛካ መሃል ገላህን መታጠብ አለብህ። ፀጉርህ አረፋ እንደያዘ ደረጃ መውረድ ምን እንደሆነ ካወቅህ ገላ መታጠብም ራሱ ውሳኔ ይሆናል። በሁለት አዛካ መሃል ስብሰባ አለ፣ ዳቦ መግዛት አለ፣ የታመመ ጎረቤት መጠየቅ አለ። ጦርነት ውስጥ አብዛኛው ሰዓት ጦርነት አይደለም፤ ቀጣዩን እየጠበቁ የሚኖሩት ተራ ኑሮ ነው። ዳቪድያን ይህን ታውቀዋለች። አዲስ አበባ ተወልዳ አሥራ አንድ ዓመቷ እስኪሆን እዚያው ኖራለች፣ ፊልሙም ከዚያ ትዝታ የተቀዳ ነው። የልጅ ትዝታ ደግሞ ጄኔራሎችን አያስታውስም፤ ማን ለእራት እንደቀረ ነው የሚያስታውሰው።

መኪናው ሲመጣ እናቴ ዝም አለች። አጠገቧ የተቀመጡት አንድ አባባ ናቸው «አፈሳ» ያሉት፤ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው። ቃሉ ተቀባብሎ መጠለያውን ዞረ። አፈሳ፣ አፈሳ። የዕብራይስጡን የግርጌ ጽሑፍ የሚያነቡት ልጆች፣ አማርኛቸው ሰላምታና ቁጣ ላይ የሚያልቅባቸው፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። እህል ከመሬት እንደሚታፈስ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። እህሉን ስትሰበስብ ይህ ፍሬ የማን ነው ብለህ አትጠይቅም፤ እጅህ የገባውን ወደ ከረጢት ነው። የግርጌ ጽሑፉ ያንን ሊሸከም አይችልም። ከዩክሬን የመጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችንም ከኋላ ቆመው ያነቡ ነበር። እናቴና እሳቸው የሚግባቡት በሱቅ ዕብራይስጥ ነው፤ «ስንት ነው»፣ «ውድ ነው»፣ «ጤና ይስጥልኝ»። መኪናው ሲያልፍ ግን እጃቸውን የእናቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ።

*

ስለ ዛፉ ትንሽ ልበል፤ ፊልሙን የሚያነሱ ሰዎች ቶሎ የሚያልፉት እዚያ ላይ ነውና።

በዕብራይስጥ የፊልሙ ስም የሚጠራው ነገር ሰላም ነው። ነቢያቱ የሰላምን ዘመን ሲስሉ ሰው ያለ ፍርሃት በወይኑና በበለሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያሳዩታል። ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ግን በለስ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ዕፀ በለስ ነው፤ አዳምና ሔዋን ከገነት የተባረሩባት ዛፍ። አንዱ ስም ሁለት አቅጣጫ ይጎትታል፤ ለአንዱ ማረፊያ፣ ለሌላው መባረሪያ። ፊልሙ ሁለቱንም አንድ ግንድ ላይ አድርጎታል። ፍቅረኛሞቹ የሚደበቁበት ዛፍ ላይ አካሉን ጦር ሜዳ ጥሎ የተመለሰ ወታደር ራሱን ሊሰቅል ይሞክራል። ኤሊ የሚሸሸው ነገር፣ ከሸሸበት ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘው።

እዚህ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ወታደሩ ፊልሙ ውስጥ ሰው ከመሆኑ በፊት ምልክት ሆኗል። የኤሊ ነገ እሱ እንደሆነ ይገባናል፤ ስለ ገባን ግን እሱን እንረሳዋለን። ማን ነው? የት ነው የተዋጋው? ማንን ነው የወጋው? የሚና ዓይን እስከዚያ አይደርስም፣ ካሜራውም ከሚና ዓይን ብዙ ርቆ መሄድ አይፈልግም። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ፊት የለውም። ፊልሙን የምወቅስበት ይህ ጉዳይ የእኛም መጠለያ ጉዳይ መሆኑን መደበቅ አልችልም። ከረሆቮት ጋዛ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ያለች እናት የምትሮጥበት ሚክላት የላትም፣ 90 ሰከንድም የላትም። መጠለያችን ውስጥ በእነዚያ አሥራ ሁለት ቀናት ስለ ብዙ ነገር ተወራ፤ ስለ እሷ ግን አንድም ቀን አልተወራም፣ እኔም አላነሳሁም። ፍርሃት ዓይንን ያጠብባል። ፊልሙ ይህን ጠባብነት በሐቀኝነት አሳይቷል፤ ጠባብ መሆኑን እንደሚያውቅ ግን የሚነግረን አንድ ቦታ ቢኖር እመኝ ነበር።

*

ስለ እኛ የተሠሩ ፊልሞች አውሮፕላን ይወዳሉ። አንዳንዶቹ ወደ አውሮፕላኑ ይሄዳሉ፣ አንዳንዶቹ ከአውሮፕላኑ ይነሳሉ። የራዱ ሚሃይሊያኑ የ2005 ፊልም፣ ስሙ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደማለት የሆነው፣ ከሁለተኛው ወገን ነው። በ1984ቱ የሙሴ ዘመቻ ጊዜ ሱዳን መጠለያ ካምፕ ውስጥ ያለች ክርስቲያን እናት ልጇን አይሁዳዊ ነኝ ብሎ እንዲሄድ ታደርገዋለች፤ ልጁም ምስጢሩን ይዞ እስራኤል ያድጋል። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ አልቅሼበታለሁ፣ ነገር ግን የአንድን ሕዝብ መከራ በሙሉ በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ይጭናል። «የበለስ ዛፍ» ከመጀመሪያው ወገን ነው፣ ጭነቱም ቀላል ነው። እዚያ እስራኤል ቦታ አይደለችም፤ ቃል ናት፣ ቀን ናት፣ ሩቅ ያለች እናት ናት።

ሁለቱን ፊልሞች የሚያገናኛቸው ዝርዝር ነው። ኤሊም ያ ልጅም ዝርዝሩ ላይ የሌሉ ሰዎች ናቸው። ይህን ከማንም በላይ የምንረዳው እኛ ከጎንደር የመጣነው ነን። ቤተሰቤ ከገጠር ጎንደር ከተማ የገባው እኔ ስድስት ዓመቴ እያለ «በቅርቡ ትሄዳላችሁ» ተብሎ ነው። ባሕር ዳር ኢንጂነሪንግ ጨርሼ፣ ዲግሪዬን ይዤ ተመልሼ እንኳ ገና እየጠበቅን ነበር። የመጣነው በ2021 መጀመሪያ፣ «ጹር እስራኤል» በተባለው ዘመቻ ወደ 2,000 ሰው ሲገባ ነው። እንደ ሌሎች ስደተኞች በመመለሻ ሕጉ አይደለም የገባነው፤ ተለይቶ በወጣ የመንግሥት ውሳኔ ነው። ውሳኔ ደግሞ ዝርዝር አለው። ታላቅ እህቴ ስንጠብቅ ስንጠብቅ ዕድሜዋ ደረሰ፣ አገባች፣ ወለደች። ዝርዝሩ ላይ አልወጣችም። እኔ በየቀኑ ዳታቤዝ ላይ እሠራለሁ። ሠንጠረዡ ውስጥ የማይገባ ነገር ሲመጣ ምን እንደምናደርግ አውቃለሁ፤ «ኤጅ ኬስ ነው፣ ቀጣዩ ስሪት ላይ እናየዋለን» እንላለን። ኤሊ ኤጅ ኬስ ነው። እህቴ ኤጅ ኬስ ናት። ሚና ያደረገችው ነገር ቢኖር ቀጣዩን ስሪት አልጠብቅም ማለት ነው።

ታዲያ ከአውሮፕላኑ በኋላስ? የእኛ ሲኒማ ገና ያልደረሰበት እዚያ ነው። «ከጦርነት ወጥተው ወደ ሰላም ገቡ» የሚለው ታሪክ ጥሩ ፖስተር ይወጣዋል፣ ኑሮው ግን እንዲህ አይደለም። ኖቬምበር 13 ቀን 2020 ማታ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሮኬት ሲተኮስ እኔ እዚያው ከተማ ነበርኩ። እዚያ አዛካ የለም። መጀመሪያ ድምፁ ነው፤ ምን እንደነበር የምታውቀው ኋላ ነው። ነሐሴ 2023 ጎንደር ከተማ ውስጥ ውጊያ ሲገባ እኔ ረሆቮት ነበርኩ፣ እህቴ እዚያ። ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ ስልኩ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም። እናቴ ሌሊቱን ስልክ ይዛ ታድር ነበር። ሁለት ወር አልሞላም፣ ኦክቶበር 7 መጣ። አሁን ደግሞ ስልክ ይዛ የምታድረው እህቴ ሆነች። በመጀመሪያው ጥሪ እናቴ «እናንተ እንዴት ናችሁ?» ስትል እህቴ በዚያው ሰኮንድ «እናንተ እንዴት ናችሁ?» አለች፤ ሁለቱም መልስ እየጠበቁ ዝም አሉ። ይህ የሁለት ወገን ጭንቀት፣ ይህ ማን ማንን ያጽናና የማይባልበት ጥሪ፣ አንድም ፊልም ላይ አይቼው አላውቅም።

*

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ።

በሁለተኛው ሌሊት ኤሊ የሚደበቅበት ክፍል ሲመጣ «አቁመው» አለችኝ። ያመማት መስሎኝ ነበር።

«እኛም ደብቀን ነበር» አለች።

1989 ላይ እናቴ ከሚና ብዙም አትበልጥም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ታላቅ ወንድሟን ከአፈሳ ለማዳን ጎተራ ውስጥ አድርገውት ነበር። ምግብ የምታደርስለት እሷ ናት፤ ጠዋት ከብት ስታወጣ፣ ማታ ስታስገባ። ሁለት ወር። ከዚያ አንድ ቀን ልጁ ፀሐይ ናፈቀው። «ትንሽ ልሙቅ» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም፤ የትኛው ግንባር እንደሄደም የነገራቸው የለም። አጎት እንዳለን እናውቃለን፣ «ጦርነት ሄዶ ቀረ» ተብለናል። ስለ ጎተራው ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ፊልም ነው ከአፏ ያወጣው። ስለ ፊልም ጥሩነት ብዙ መለኪያ ተጽፏል፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም።

ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላለቀም። ታናሽ ወንድሜ ስንመጣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። አሁን አሥራ ዘጠኝ ነው፣ ወታደር ነው። ፊልሙን ባየንባቸው ሌሊቶች አብሮን አልነበረም፤ የት እንደሆነም በትክክል አናውቅም። ሐሙስ ወይም አርብ ሲመጣ እናቴ የደንብ ልብሱን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ትሰጠዋለች። ከመጣን ጀምሮ እንደዚያ ተጠንቅቃ የተኮሰችው ልብስ የለም። ወንድሙን ጎተራ ውስጥ የደበቀች ልጅ፣ አሁን የልጇን ዩኒፎርም የምትተኩስ እናት ናት።

ሁለቱ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። የአፈሳ መኪናና በፖስታ የሚመጣ የጥሪ ደብዳቤ ይለያያሉ። እዚህ ልጁ ስም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ለሰንበት ወደ ቤት ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ ወንድሜ ራሱ መሄድ ፈልጎ ነው የሄደው። አገሩን ያገኘሁት እዚያ ነው ይላል። ከሠራዊቱ በፊት ማንም «ከየት ነህ?» ሳይለው አንድ ቀን አልፎ አያውቅም፤ አሁን አውቶቡስ ውስጥ ሰው ወንበር ይለቅለታል። ለእኛ ለመጤዎች ያ ልብስ የመታወቂያ ያህል ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለ ጥርጥር ስምህን የሚጽፍልህ እሱ ነው። ይህን መካድ ውሸት ይሆናል።

እናቴ ግን የምታየው ሌላ ነገር ነው። ፊልሙን አቁመን ሳለ አባባ «እዚህስ ቢሆን ደብቂው ቢሉሽ ትደብቂዋለሽ?» ብለው ጠየቋት። ቀልድ አስመስለው ነው፣ ግን ማንም አልሳቀም። ትንሽ አሰበች።

«እዚያ ብንደብቅ ሰው ሁሉ ያዝንልን ነበር» አለች። «እዚህ ብደብቅ የማን ወገን ነሽ ይሉኛል። እሱ ራሱ የማን ወገን ነሽ ይለኛል።»

«የበለስ ዛፍ»ን ስተች የምመለስበት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። ፊልሙ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቋል፤ ልጅ ከጦርነት የሚደበቀው የት ነው? መልሱንም በዘመኑ ልክ ፈልጓል፤ ዛፍ ሥር፣ ወረቀት ውስጥ፣ አውሮፕላን ውስጥ። ጥያቄው ከሚና ጋር አውሮፕላኑ ላይ እንደሚሳፈር ግን አላሳየንም። ሚና ብትመጣ ኖሮ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ልጅ ይኖራታል። ልጁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሚና ያን ደብዳቤ ይዛ ወጥ ቤት ውስጥ ስትቆም ነው የሁለተኛው ፊልም መጀመሪያ። የመጀመሪያው ፊልም በስክሪፕቱ ሊይዘው የሚገባው ነገር ነበር እያልኩ አይደለም፤ አንድ ፊልም አንድ ጊዜን ከያዘ ይበቃዋል። እያልኩ ያለሁት ያ ሁለተኛው ፊልም አለመሠራቱን ነው። እኛ መጠለያ ውስጥ የተቀመጥነው ሰዎች ያለ ስክሪፕት እየሠራነው ነው።

ለሚሠራው ሰው ከመጠለያው አንድ ሁለት ነገር ልተውለት። አንደኛ፣ አማርኛው ይቆይ። «የበለስ ዛፍ» በእስራኤል ገንዘብ ሲሠራ በአማርኛ መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ አያቶች በጆሮ፣ ልጆች በግርጌ ጽሑፍ አንድ ታሪክ ሲያዩ የተመለከትኩት በእሱ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ከዜና ይራቅ። በጀበናዋ የተመለሰችው ጎረቤታችን፣ በሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ የምትወርደው እናቴ፣ በደጅ ቆማ ስልክ የምትጠብቅ እህት፤ ጦርነቱ እነሱ ላይ ነው ያለው። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ከወዲያ በኩል ላለው ሰው ፊት ይስጠው። እኔ መጠለያው ውስጥ ያላነሳሁትን ያንሳው።

*

ሦስተኛው ሌሊት ላይ ፊልሙ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው «መውጣት ይቻላል» የሚለው መልእክት ስልኮች ላይ ገባ። ሁሉም ተነሳ። ፍራሽ መጠቅለል፣ ልጅ መቀስቀስ፣ ጫማ መፈለግ። እናቴን «እንጨርሰው?» አልኳት።

«ልጁ ይያዛል አይያዝም?» አለችኝ።

አየኋት። መናገር እችል ነበር።

«አትንገረኝ» አለች። «እንደተደበቀ ይቆይ።»

ላፕቶፑን ዘጋሁት። ደረጃው ላይ ስንደርስ ስልኳ ጠራ፤ ወንድሜ ነበር። በዕብራይስጥና በአማርኛ እያቀላቀለ «እማ፣ በላሽ?» አላት። እሷ ደግሞ እሱ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ሁለቱም በልተናል አሉ። ከዚያ ደረጃውን መውጣት ጀመርን፤ እሷ አንድ እጇን ለእኔ ሰጥታ፣ በሌላው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ። ያን ሌሊት ሰዓት አልያዝኩም።